ማስኬጃው ርካሽ፣ ማቆሚያው ውድ

በዚህ አገር የሚያስኬድ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ደባርቅ ዋናው አስፋልት ዳር ቁሙና ሱቆቹን ተመልከቱ። የሞተር ዘይት ደጃፍ ላይ ተደርድሯል። ሦስት ዓይነት ዜማ የሚያወጣ ክላክስ አለ። የመሪ ልብስ፣ የወንበር ልብስ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ፣ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ፓውዛ፣ ሁሉም አለ። እስኪ «የሃይሉክስ የፊት ፍሬን ዲስክ» በሉ። ልጁ ከስልኩ ቀና ይልና ከእግር እስከ ራስ ያያችኋል፤ «ጎንደር ይሞክሩ አባባ» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። መሄድ የፈለገ ሰው እዚሁ ይሟላለታል፤ መቆም የፈለገ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት፤ ያውም በማትቆም መኪና።

ሰው ሲያገኘኝ ስለ ወገቤና ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል። ወገቤ ደኅና ነው፤ የታመመችው መኪናዬ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1995 ሞዴል፣ ባለ 2.8 ናፍጣ ሃይሉክስ ፒካፕ። ነጭ ነበረች፤ አሁን ነጭነቷን የሚያውቀው ሊብሬው ብቻ ነው። የዳባትን ድንች ጭናለች፣ የወገራን ገብስ ጭናለች፣ ነጭ ሽንኩርት ጭና ሳምንት ሙሉ ሰው አላስጠጋ ብላለች፣ የፈረንጅ ድንኳን ጭና ሳንካበር ወጥታለች፣ ሙሽራ አጅባለች፣ አስከሬንም ሸኝታለች። ሞተሯ ዛሬም በውርጭ ማለዳ እያጉረመረመ ይነሳል፤ በዚህ እሱና እኔ እንመሳሰላለን። መነሳት ላይ ችግር የለብንም።

ችግሩ ፔዳሉ ላይ ነው። ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ልጄ «አባባ፣ እጅህ ይሆናል» ይለኛል። እጄ ከሆነማ ቡና ስጠጣም ይንቀጠቀጥ ነበር! ጎማው ተፈትቶ ሲታይ የዲስኩ መሐል ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ዳሩ ከንፈር አውጥቷል። መካኒኩ ልጅ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰና ምንም ሳይናገር ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሐኪም ቤትም ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መኪና ካለው ሰው ብዙው አያውቀውም። ዲስክ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ወይም መሐል ባለው ቆብ ላይ፣ ከዚህ በታች ከሳሳሁ ጣሉኝ የሚል ቁጥር በሚሊሜትር ተቀርጿል። በአዲሱና በሚጣለው መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሚሊሜትር! ይህን ያህል ብረት ነው እኔንና የሊማሊሞን ገደል አስታርቆ የሚያኖረን። ታዲያ ቁጥሩን ልይ ብዬ ባጎነብስ ዝገት በልቶታል።

ደጋ ለጤና ይስማማል ይላሉ፤ ለፍሬን ግን አይስማማም። ይህን ለወጣቶቹ ስነግራቸው ይስቃሉ። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚባለው ክብ ቆርቆሮ ነው። በአንድ ወገኑ ያለውን አየር ፓምፕ መጥጦ ያወጣዋል፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይገባና ይገፋል፤ እግራችንን የሚያግዘው ያ ግፊት ነው። እንግዲህ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ምጽዋ ወደብ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 3,250 ሜትር ላይ ያለው ሳንካበር፣ ከ3,600 በላይ የሆነው ጨነቅ ሲደረስማ የባሰ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ በአውራ ጣት የሚረገጠው ፍሬን እዚህ ሙሉ ጫማ ይፈልጋል። ጃፓኖቹ መኪናዋን ሲሠሩ ስለ ስሜን ያማከራቸው ሰው አልነበረም።

ጭላዳዎቹም አያግዙም። ፓርኩ ውስጥ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ፤ ድንገት አንዱ ተነስቶ መሐል መንገድ ላይ ይቀመጣል። ክላክስ አይፈራም። ኩሩ ነው፤ እኔን የሚያየኝ እኔ ወጣቶቹን በማይበት ዓይን ነው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በፈረንጅ አቆጣጠር የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ከመዝገቡ ወጣ። ዋልያው ወጣ፣ ጭላዳው ወጣ። ፓርኩ ውስጥ በዚህ ፍሬን የምነዳው እኔ ግን እስካሁን ከመዝገቡ አልወጣሁም።

ከዚያ ደግሞ ሊማሊሞ አለ። ጣልያን በወረራው ጊዜ ገደሉን ቆርጦ ያወጣው መንገድ ነው። መሐንዲሶቹ ወደ ላይ እያዩ ሳይሠሩት አልቀሩም፤ ወደ ታች ያየ ሰው መንገድ እንዲህ አያጥፍም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፊዚክስ የሚያስተምር ጎረቤት አለኝ፤ አንድ ማታ በብዕር አሰላልኝ። ከነጭነቷ 25 ኩንታል የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ቢጠራቀም፣ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ውሃ ያፈላል። የደባርቅ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ መፍላቱንም አስቦበት ነው። ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው ይህ ሁሉ ትኩሳት የሚገባው ሁለቱ የፊት ዲስኮችና ሁለቱ የኋላ ታምቡሮች ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን የሚሸከሙት የፊቶቹ ናቸው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያስቀምጥበት ሥጋ የለውም። ትኩሳቱ ወደ ካሊፐሩ ያልፋል፣ ከካሊፐሩ ወደ ፍሬን ዘይቱ።

ዘይቱም ንጹሕ አይደለም። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣው ደግሞ 140 አካባቢ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ሹፌሩም የቅዱሳንን ስም በተራ መጥራት ይጀምራል። ክረምት ሙሉ ጉም ደጃፉ ላይ በሚያድርበት በኛ ሰፈር ዘይቱ ምን ያህል እንደሚጠጣ አስቡት። እኔስ መጠጥ የምጠረጥረው ሹፌሮቹን ብቻ ነበር።

ወጣቶቹማ! ሊማሊሞን ፎሌ አድርገው ይወርዱታል። ምነው? «ናፍጣ ለመቆጠብ ነው ጋሼ።» ናፍጣ መቆጠብ! በማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ራሱ ስለሆነ ፓምፑ ናፍጣ ይዘጋል፤ ፎሌ የሆነው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ቆጠብን የሚሉት ናፍጣም ዲስክም እያባከኑ ነው። ከባድ ማርሽ በነጻ የተሰጠ ፍሬን ነው፤ ጉምሩክ አይቀርጠውም፣ ዶላር አይፈልግም፣ ካርቶን የለውም። እኔ በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ ከኋላ ክላክስ ይነፋብኛል። ይንፉ። ሽማግሌ ነው ይበሉ። ሽማግሌ ለመሆን የበቃሁት በሁለተኛ ማርሽ ስለወረድኩ ነው።

የጥንት ሰው ቁልቁለትን ያከብር ነበር። በቅሎ ስትጫን ከጭራዋ ሥር የምታልፍ ጠፍር አለች፤ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት የምትይዘው እሷ ናት። ልባም ነጋዴ ያችን ጠፍር ሳይፈትሽ ስሜን አይገባም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ፣ እዚሁ ስሜን ደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. የነገሡት፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጎትተዋል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው፤ ስንት ሰው ጎተተው፣ እንዴት ወጣ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ወደ በሽሎ ወንዝ ያለውን ቁልቁለት ማን ይዞ አወረደው? መቼም ሰባ ኩንታል ብረት በራሱ ጨዋነት ቀስ ብሎ አልወረደም። ከኋላ ሆኖ የያዘውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም። የፍሬን ዕጣ ድሮም ይኸው ነው።

ወደ ዋጋው ልመለስ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ለምን ተወደደ ብትሉት ሻጩ ጣሪያውን ያሳያችኋል፤ ጥፋቱ ከላይ ነው ማለቱ ነው። ግማሹ እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ሐሳቡ አሮጌ መኪና ወደ አገር አይግባ ነው፤ ያልገባው ሲቀር ታዲያ አገር ውስጥ የነበርነው አሮጌዎች ተወደድን። መኪኖቹን ማለቴ ነው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጊዜ ሳይፈጅ መቶን አለፈ። ፍሬን የበጠሰው መኪና ብቻ አይደለም ማለት ነው። ዲስኩ የሚገባው በዶላር፣ ድንቼ የሚሸጠው በብር። ሁሉም የያዘውን አሮጌ አጥብቆ ስለያዘ ለአንዱ ዲስክ የምንሻማው ብዙ ነን። መኪናዬ ሠላሳ ዓመት ሲጠጋት ዋጋዋ ጨመረ፤ ደላላ እየመጣ ዞር ዞር ብሎ ያያታል። እኔ ሰባ ሲሞላኝ አንድም ደላላ አልመጣም።

የልጅ ልጄ «በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ግዛ አባባ፣ ቁልቁል ሲወርድ እኮ ፍሬኑ ባትሪውን ይሞላዋል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሊማሊሞ ላይ የሚባክነውን የአራት ጀሪካን ትኩሳት በከፊል ባትሪ ውስጥ ይከተዋል። እኔም ወደድኩት። «ሽቅቡንስ?» አልኩት። «ሽቅቡን ይበላዋል» አለ። «መብራት በሌለበት ቀንስ?» ስለው ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ሄደ።

ዲስክ ፍለጋ ጎንደር ወረድኩ። ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽና በጸሎት አለፍኩት። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሱቁም የኔን ባያነሳ ደስ ይለኛል።

«አባቴ፣ ኦርጅናል አለ፣ ኮፒ አለ፣ ያገለገለም ላፈላልግልዎት እችላለሁ።»

«የኦርጅናሉን ንገረኝ።»

ነገረኝ። በበግ አሰላሁት፤ ፋሲካን አልፎ ለገናም የሚተርፍ በግ ሆነ።

«ለሁለቱ ነው?»

«ለአንዱ ነው አባቴ።»

«ሌላኛውን ጎማ ማን ያቁመው?»

«አንዱን አሁን ይቀይሩ፣ ሌላውን እግዜር ሲያግዝ።»

አንዱን ብቻ! በአንድ ወገን አዲስ፣ በሌላው ያለቀ ዲስክ የተገጠመለት መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንዱ ጎን ይስባል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ካሉት ሁለት ጎኖች አንዱ ገደል ነው። ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «ገደሉ በቀኝ ነው በግራ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ኮፒውን አወጣ። ካርቶኑ ላይ ጃፓን የሚል በትልቁ ተጽፏል። ካርቶኑን ጃፓን ሠርታው ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። ዲስኩ ላይ ግን የሠሪው ስም የለ፣ የመጨረሻው ውፍረት የለ፣ ቁጥር የለ፤ አባቱ የማይታወቅ ብረት ነው።

«ጥሩ ዕቃ ነው አባቴ፣ ብዙ ሰው ወስዶታል።»

«የወሰዱት ተመልሰው መጥተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አንድም አልመጣም!»

«እሱን ነው የምፈራው።»

ርካሽ ዲስክ መግዛት ኃጢአት ነው አላልኩም። ከመኪናው ፋብሪካ ሳጥን ውጭ ጥሩ የሚሠሩ ሞልተዋል፤ ዲስክ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰና የተላጠ ብረት ነው፣ ብዙ ምሥጢር የለበትም። ልዩነቱ ልኩ፣ ክብደቱና የሠሪው ድፍረት ላይ ነው፤ ስሙን ብረቱ ላይ የቀረጸ ሰው የሚያሳፍረው ነገር አለው። ሁለቱን ሚዛን ላይ አውጧቸው፤ እኩል ካልከበዱ ወንድማማች አይደሉም። በሁለቱ ገጾች መካከል አየር የሚያስተላልፉት ክንፎች እንዳይደፈኑ በብርሃን እዩአቸው። የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀዳዳም ቁጠሩ፤ ሃይሉክስ ባለ አምስት ቡሎን አለ፣ ባለ ስድስት ቡሎን አለ፣ ሁለቱም ሃይሉክስ ነን ብለው ነው የሚዞሩት። ሻጩ ይህን ሁሉ ሳደርግ አይቶ «አሮጌውን ዲስክ ይዘውት ቢመጡ እኮ ይቀልልዎት ነበር» አለኝ። አሮጌው ዲስክ ያለው መኪናዋ ላይ ነው! የኔዋ ደግሞ ዲስኳ ከሀቡ ጀርባ በቡሎን የታሰረ ነው፤ እሱን ለማውጣት ኩሽኔታው ሁሉ መፈታት አለበት። ፈትቼው በምን ልምጣ? ትከሻውን ነቀነቀና «በአውቶቡስ» አለ።

መካኒኩ ልጅ ሌላ መላ ነበረው። «ጋሼ፣ ቶርኖ ቤት ወስደን እናስልጠው፣ ልክ ይገባል።» ይገባል፤ ልክ የሚገባው ግን ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲወርድ ነው። ዲስክ ሥጋ እያለው ሲጣመም ቶርኖ መድኃኒት ነው። የሳሳውን ማስላጥ ግን የቀረችውን ብረት ከፍሎ ማስወሰድ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ በስልክ ያጽናናኛል። «አጎቴ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሌለ ነገር የለም» ይላል፤ የዲስክ ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። ፎቶው ያምራል። ያገለገለ ነው፣ ከተገጨ መኪና የወጣ ነው፣ ርካሽ ነው። እኔ ያገለገለ ዕቃ አልንቅም። ያገለገለ በር ገዝቻለሁ፣ ያገለገለ ኮፋኖ ገዝቻለሁ፣ ያገለገለ ፓራፋንጎ ከነቀለሙ ገዝቼ መኪናዬ በአንድ በኩል ሰማያዊ ሆናለች። እያለቀ የሚያገለግል ነገር ግን ሌላ ነው። ያገለገለ ሳሙና የገዛ ሰው ታውቃላችሁ?

ለዓመቱ ቦሎ ስትመረመርም ለፍሬኗ የሚጨነቅ የለም። መብራቱ ይበራል? ይበራል። ክላክሱ ይጮኻል? ይጮኻል። ዝናብ መጥረጊያው? ይወዛወዛል። መርማሪው ልጅ ቀስ ብሎ ግቢው ውስጥ ነዳት፣ ቀስ ብሎ ፍሬን ያዘ፣ ቆመች። ሜዳ ላይማ አህያ ጋሪም ይቆማል! ወደ ሊማሊሞ ወስደህ መርምራት ብዬው ነበር፤ እሱ እንኳ አልተመዘገበም።

በመጨረሻ የተገዛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ኦርጅናል ያልሆነ፣ ግን አዲስ፣ ስምና ቁጥር ያለበት ጥንድ ዲስክ። የእህቴ ልጅ በካሊፐር ለክቶ፣ የተቀረጸውን ቁጥር በስልክ አንብቦልኝ፣ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አስቀምጦ ነው የገዛው። እየሳቀብኝ ነው ያደረገው፤ ግን አደረገው። ጎንደር ላይ ለአንዱ ኦርጅናል በተጠየቅኩት ጥንዱ መጣ፣ አዲስ ሸራም ተጨመረበት። ለአውቶቡስ ረዳት ተሰጠ። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ፤ ዲስኮቹ በየከተማው እያደሩ ከኔ የበለጠ አገር አዩ። መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ «ምንድነው ይኼ አባባ፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው እንዴ?» ብሎ የጭነት ተጨማሪ ጠየቀኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ቀን እከራከረው ነበር፤ መክበዱን ስሰማ ደስ ስላለኝ ከፈልኩት።

መካኒኩ ልጅ ገጠማቸው። ኩሽኔታውን አጥቦ ግራሶ ቀባው፤ የድሮውን ፍሬን ዘይት ሲያፈስሰው ጠላ መስሎ ወጣ፤ አዲስ ሞላበት። መሪው መንቀጥቀጡን አቆመ። ልጄ ስለ እጄ የተናገረውን እስካሁን አላነሳም፤ እኔም እየጠበቅኩት ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣» አለኝ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ለመጀመሪያው ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በኃይል አይርገጡት። ሸራውና ዲስኩ እስኪላመዱ ቀስ እያሉ ነው።»

«ቁልቁለትስ?»

«ቁልቁለት ለጊዜው ባይወርዱ ይሻላል።»

«አንተ ልጅ፣ የምንኖረው የት ነው?»

ራሱን አከከ። «ወደ ዳባት በኩል ሜዳ አለ» አለኝ።

ድንቹ ተጭኖ አልቋል። የሚሄደው ዛሪማ ነው።